የአምስት ዓመት ዘፋኝ፣ የስድሳ ዓመት ተዋናይ፦ የቶሚ ስቲል የሥራ ሕይወትና የታሪክ ማስረጃ ጥያቄ



የዚህ የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር አዘጋጆች ስለ ታሪክ ማስረጃ እንድናገር ሲጋብዙኝ፣ ብዙዎቻችሁ ስለ አንድ ንጉሥ፣ ስለ አንድ ጦርነት ወይም ስለ አንድ ውል የምናገር መስሏችሁ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ እንግሊዛዊ ዘፋኝና የቴአትር ተዋናይ ነው። ስሙ ቶሚ ስቲል ይባላል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አስታውሳለሁ።

ይህን ርእስ የመረጥሁት ስለ ሰውየው ለረጅም ጊዜ የተሳሳተ ነገር ሳስተምር ስለ ቆየሁ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ማኅበራዊ ታሪክ ትምህርት ውስጥ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስለ ተፈጠረው የወጣቶች ባህል የምንወያይበት አንድ ሳምንት አለ። በዚያ ሳምንት ስለ ስቲል የምናገረው ሁልጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ «ቶሚ ስቲል የብሪታንያ የመጀመሪያው የሮክ ኤንድ ሮል ኮከብ ነበር፤ ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ ሮኩን ትቶ ወደ ቴአትር ገባ» እል ነበር። ከዚያም ወደ ቢትልስ እሻገራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና፣ «መምህር፣ በቴአትር ስንት ዓመት ሠራ?» አለችኝ። ከሃምሳ ዓመት በላይ እንደ ሆነ ነገርኋት። «ታዲያ» አለች፣ «ሃምሳ ዓመት የሠራበትን እንደ ማፈግፈግ ቆጥረው፣ አምስት ዓመት የሠራበትን ለምን ሥራው ይሉታል?»

በዚያ ቀን የሰጠኋት መልስ አጥጋቢ አልነበረም። የዛሬው ንግግሬ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

ከመነሻው እንጀምር። ቶሚ ስቲል በትውልድ ስሙ ቶማስ ሂክስ ይባላል። የተወለደው ዲሴምበር 17 ቀን 1936 በደቡብ ለንደን፣ በርመንዚ በተባለው ሰፈር ነው። በርመንዚ በቴምዝ ወንዝ ዳር የመርከብ ማራገፊያዎች፣ መጋዘኖችና የቆዳ ፋብሪካዎች የተደረደሩበት የወዛደሮች መንደር ነበር፤ በጦርነቱም ጊዜ የጀርመን አውሮፕላኖች ክፉኛ ደብድበውታል። የሰፈሩ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲወጣ የሚጠብቀው ወይ ወደቡ ወይ ባሕሩ ነው። ቶማስም ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ በመንገደኞች መርከብ ላይ በአስተናጋጅነት ተቀጠረ። መርከቧ አሜሪካ ስትደርስ በዚያ አገር የሚሰማውን አዲስ ሙዚቃ ሰማ፤ ጊታርም ያዘ።

በ1956 ከባሕር እረፍት ወጥቶ ለንደን በነበረበት ጊዜ፣ ሶሆ በተባለው ሰፈር ኦልድ ኮምፕተን ጎዳና ላይ በሚገኝ ቱ አይስ በተሰኘ አነስተኛ ቡና ቤት ውስጥ ይዘፍን ነበር። በዚያን ጊዜ ቡና ቤቶቹ መጠጥ ቤት መግባት ለማይፈቀድላቸው ወጣቶች የመሰብሰቢያ ቦታ ሆነው ነበር። በዚያ ያየው ጆን ኬኔዲ የተባለ የማስታወቂያ ባለሙያ ሥራ አስኪያጁ ሆነ፤ ላሪ ፓርንስ የተባለ የልብስ ነጋዴም በገንዘብና በሥራ አመራር ተጨመረ። ኦክቶበር 1956 ዴካ የተባለው ኩባንያ «ሮክ ዊዝ ዘ ኬቭማን» የተሰኘውን የመጀመሪያ ሸክላውን አወጣ። ዘፈኑን ከእርሱ ጋር የጻፉት ሊዮኔል ባርትና ማይክ ፕራት ሲሆኑ፣ በደረጃ ሰንጠረዡ ላይ እስከ 13ኛ ወጣ። ጃንዋሪ 1957 ላይ ደግሞ «ሲንጊንግ ዘ ብሉስ» አንደኛ ሆነ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ይህ አንደኛነት የሚነግረን ነገር አለ። «ሲንጊንግ ዘ ብሉስ» አሜሪካዊ ዘፈን ነው። በዚያው ወር ጋይ ሚቸል የተባለ አሜሪካዊ ዘፋኝ ያንኑ ዘፈን ዘፍኖ በብሪታንያ አንደኛ ነበር፤ በሚቀጥለው ሳምንት ስቲል ቦታውን ወሰደ፤ ከዚያ በኋላ በነበረው ሳምንት ሚቸል መልሶ ተረከበው። የዘመኑ ሙዚቃ ነጋዴዎች የሚያስቡት እንዲህ ነበር። የባሕር ማዶ ዘፈን ሲሰማ፣ የአገር ልጅ አስዘፍኖ ከሥሩ ማሳተም የተለመደ ንግድ ነበር። ስለዚህ የስቲል ትልቁ ሸክላ የስቲልን ሙሉ መልክ ሊያሳየን አይችልም። ለእርሱ ብቻ የሆነውን ለማግኘት ወደ ሌላ ቦታ ማየት ይኖርብናል።

ያ ሌላ ቦታ መድረኩ ነው። ተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ የሚገምቱት፣ ያኔም እንደ ዛሬው ዘፋኝ የሚታወቀው በራዲዮ እንደ ነበረ ነው። በ1956 ብሪታንያ ውስጥ ግን ነገሩ እንዲህ አልነበረም። በአገሪቱ ውስጥ ራዲዮ የማሰራጨት ብቸኛ መብት የቢቢሲ ነበር፤ ሕጋዊ የንግድ ራዲዮ የተጀመረው በ1973 ነው። ቢቢሲም ከሸክላ ኩባንያዎችና ከሙዚቀኞች ማኅበር ጋር በነበረው ስምምነት መሠረት፣ በአየር ላይ ሸክላ ማጫወት የሚችልበት ሰዓት የተወሰነ ነበር። የንግድ ቴሌቪዥን የጀመረው ገና በ1955 ሲሆን፣ ለወጣቶች የተዘጋጀው «ሲክስ ፋይቭ ስፔሻል» የተሰኘው የቢቢሲ ቴሌቪዥን ዝግጅት የታየው በፌብሯሪ 1957 ነው። ስለዚህ አንድ ዘፋኝ በየከተማው ሕዝብ ፊት ለመድረስ ከፈለገ፣ የተዘረጋው መንገድ «ቫራይቲ» የሚባለው የመድረክ ትርኢት ነበር።

ቫራይቲ የድሮው የ«ሚውዚክ ሆል» ወራሽ ነው። በአንድ ምሽት ቀልደኛው፣ አስማተኛው፣ ኳስ ወርዋሪው፣ ተወዛዋዡና ዘፋኙ በተራ እየወጡ ያሳያሉ፤ ብዙ ጊዜም ትርኢቱ በአንድ ምሽት ሁለቴ ይቀርባል። ተመልካቹ አያትም ልጅም፣ ወዛደርም ባለሱቅም ነው። ስቲል ኖቬምበር 1956 በሙያ ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ የወጣው በሰሜን እንግሊዝ፣ በሰንደርላንድ ኢምፓየር ቴአትር፣ እንዲህ ባለ ትርኢት ነበር። ማለትም ሸክላው በወጣ በወሩ ገደማ በቀልደኞችና በአስማተኞች መካከል ቆሞ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ተመልካች ፊት የቆመ ዘፋኝ በጊታርና በጩኸት ብቻ አይዘልቅም። ማውራት፣ ማሳቅ፣ እንቅስቃሴውን መለካት፣ ከሦስተኛው ፎቅ ያለውን ተመልካች መድረስ ይኖርበታል። እኔ «ወደ ቴአትር ገባ» እያልሁ ሳስተምር የዘነጋሁት ይህንን ነው። ስቲል ሥራውን የጀመረው ቴአትር ቤት ውስጥ ነበር፤ ከውጭ ሊገባበት የሚችል በር አልነበረም።

ይህን በጊዜው ያስተዋለ አንድ ጸሐፊ ነበር። ኮሊን ማኪነስ በ1957 መጨረሻ «ኤንካውንተር» በተሰኘው መጽሔት ላይ ስለ ስቲል ረዘም ያለ መጣጥፍ አወጣ። በዚያ ዘመን የተማረው ክፍል የወጣቶችን ዘፈን የሚያነሣው ለመናቅ ነበርና፣ በቁም ነገር መጽሔት ላይ በቁም ነገር መጻፉ ራሱ አዲስ ነገር ነበር። የማኪነስ ትዝብት ይህ ነው፤ ልጁ ሲዘፍን ድምፁ የአሜሪካዊ ይሆናል፤ በዘፈኖቹ መካከል ለተመልካቹ ሲያወራ ግን ተመልሶ የበርመንዚ ልጅ ይሆናል። ማኪነስ ከዚህ ተነሥቶ፣ እንግሊዛዊ ወጣት በራሱ አንደበት ስለ ራሱ ኑሮ የሚዘፍንበት ቀን ይመጣ ይሆን ብሎ ጠየቀ።

ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነበር። እንደ ታሪክ ምሁር የማስተውለው፣ መልሱ በመጀመሪያ የመጣው ከሮኩ ወገን አለመሆኑን ነው። በ1960 ስቲል «ዋት ኤ ማውዝ» የተሰኘ ዘፈን አውጥቶ 5ኛ ደረጃ ደረሰ። ይህ ዘፈን ሃሪ ቻምፒየን የተባለው የሚውዚክ ሆል ቀልደኛ ቀደም ብሎ ያዜመው፣ በለንደን ወዛደሮች አነጋገር የተሞላ ጨዋታ ነው። ከአያቶቹ መድረክ የተወሰደው ዘፈን ላይ የበርመንዚው አንደበት ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰማ። ከኋላው የመጡት ሰዎችም በዚያው መንገድ ሄደዋል። «ሮክ ዊዝ ዘ ኬቭማን»ን አብሮት የጻፈው ሊዮኔል ባርት ኖታ ማንበብ የማይችል ሰው ነበር፤ ሆኖም በዚያው በ1960 የቻርልስ ዲከንስን ልብ ወለድ መሠረት አድርጎ «ኦሊቨር!» የተሰኘውን ሙዚቃዊ ቴአትር ለመድረክ አበቃ። ያ ሥራ በለንደን 2,618 ጊዜ ታይቷል። ከቡና ቤቱ ምድር ቤት ወደ ታላላቆቹ ቴአትር ቤቶች የሚወስደው መንገድ በእግር የሚሄዱበት አጭር መንገድ ነበር።

አሁን ወደ ስቲል የትወና ሥራ እንለፍ። ዲሴምበር 1958 በለንደን ኮሎሲየም ቴአትር ሮጀርስና ሐመርስታይን የደረሱት «ሲንደሬላ» ተከፈተ። ሥራው በመሠረቱ ባለፈው ዓመት ለአሜሪካ ቴሌቪዥን የተጻፈ ነበር፤ ለንደን ሲመጣ ግን በእንግሊዞች የገና ቴአትር ልማድ መሠረት ተሻሻለ። ስቲል የተጫወተው በተንዝ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ነው። በተንዝ የቤቱ አሽከር ነው፤ ሲንደሬላን ከልቡ ይወዳታል፤ እርሷ ግን የምታገባው ልዑሉን ነው። በዚህ ልማድ ውስጥ በተንዝ ታሪኩን ቆም እያደረገ ከተመልካቹ ጋር የሚጫወት፣ የሕፃናቱ ወዳጅ ነው። ቀን አሽከር፣ ማታ የአዳራሹ ሁሉ ጓደኛ የሆነ ሰው ማለት ነው። ለወደቡ ልጅ የተሰፋ ልብስ ይመስላል።

በ1960 ደግሞ ኦልድ ቪክ በተባለው ስመ ጥር ቴአትር ቤት በኦሊቨር ጎልድስሚዝ «ሺ ስቱፕስ ቱ ኮንከር» ውስጥ ቶኒ ላምፕኪንን ሆኖ ተጫወተ። ይህ በ1773 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ ኮሜዲ ነው። ኦልድ ቪክ የሼክስፒር ቤት እንደ ነበር ለምናውቅ፣ ከአራት ዓመት በፊት በቡና ቤት ጊታር ሲመታ የነበረ ወጣት በዚያ መድረክ ላይ መቆሙ ቀላል ነገር አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት በ1961 ደግሞ ስሙ በደረጃ ሰንጠረዡ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ታየ። ሰንጠረዡን ብቻ የሚያነብ ተመራማሪ እዚህ ላይ መጽሐፉን ይዘጋል፤ ሰውየው ግን ገና 24 ዓመቱ ነው።

ሁለት ተከታታይ ቀኖችን ልጥቀስላችሁ። ማርች 21 ቀን 1963 በለንደን ካምብሪጅ ቴአትር «ሃፍ ኤ ሲክስፔንስ» የተሰኘ ሙዚቃዊ ቴአትር ተከፈተ። በማግሥቱ ማርች 22 ቀን ቢትልስ «ፕሊዝ ፕሊዝ ሚ» የተሰኘውን የመጀመሪያ ረጅም ሸክላቸውን አወጡ። በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ የሁለተኛው ቀን ሥራ በጉልህ ሲጻፍ የመጀመሪያው ቀን ሥራ አይነሣም፤ እኔም በክፍል ውስጥ አላነሣሁትም። ሁለቱ ግን በአንድ ሳምንት፣ በአንድ አገር ውስጥ፣ ከወዛደር ቤተ ሰብ በወጡ ወጣቶች የቀረቡ ሥራዎች ናቸው።

«ሃፍ ኤ ሲክስፔንስ» ለስቲል ተብሎ የተጻፈ ሥራ ነው። ዜማውንና ግጥሙን የደረሰው ዴቪድ ሄነከር፣ ተውኔቱን የጻፈው ቤቨርሊ ክሮስ ሲሆን፣ መሠረቱ ኤች. ጂ. ዌልስ በ1905 ያሳተመው «ኪፕስ» የተሰኘው ልብ ወለድ ነው። አርተር ኪፕስ ወላጅ የሌለው የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ተለማማጅ ነው። የስድስት ፔንስ ሳንቲም ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ በእርሱ፣ ግማሹ በልጅነት ፍቅረኛው በአን እጅ ይገኛል። ሳይታሰብ ሀብት ይወርሳል፤ ከከበሬታ ቤተ ሰብ ከሆነች ሴት ጋር ይታጫል፤ በገበታቸውም ላይ በየትኛው ማንኪያ እንደሚበላ፣ በየትኛው ቃል እንደሚናገር ሳያውቅ ያፍራል። በመጨረሻ ከአን ጋር ይኖራል፤ ሀብቱም ይጠፋል። ዌልስ ራሱ በልጅነቱ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ተለማማጅ ነበርና ያን ሐፍረት ያውቀዋል። ስቲልም ከበርመንዚ ተነሥቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ሀብትና ዝና ያገኘ ሰው ነው። ማኪነስ በ1957 የጠየቀው ጥያቄ፣ ማለትም እንግሊዛዊው ወጣት በራሱ አንደበት ስለ ራሱ ኑሮ መዝፈኑ፣ በስድስት ዓመቱ ካገኛቸው መልሶች አንዱ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። መልሱ በኤሌክትሪክ ጊታር ፈንታ በባንጆ መምጣቱ ግን እንዳንሰማው አድርጎናል።

ቴአትሩ በለንደን 677 ጊዜ ታየ። በሳምንት ስምንት ትርኢት ብለን ብናሰላ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ መሆኑ ነው። ኤፕሪል 1965 በኒው ዮርክ ብሮድሃርስት ቴአትር ተከፍቶ 511 ጊዜ ታየ፤ ስቲልም በዚያው ዓመት ለቶኒ ሽልማት በምርጥ የሙዚቃዊ ቴአትር ተዋናይነት ታጨ። ከዚያ ሆሊውድ ጠራችው። በ1967 «ዘ ሃፒየስት ሚሊየነር» የተሰኘው የዲዝኒ ፊልምና የራሱ «ሃፍ ኤ ሲክስፔንስ» ታዩ፤ በ1968 በፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ዝግጅት «ፊንያንስ ሬይንቦው» ውስጥ ከፍሬድ አስቴር ጋር ተጫወተ። ሆኖም የታላላቅ ሙዚቃዊ ፊልሞች ዘመን እያለቀ ነበር፤ «ሃፍ ኤ ሲክስፔንስ»ም በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የተጠበቀውን ያህል አልተሳካለትም። ስቲል ወደ ለንደን መድረክ ተመለሰ። በ1974 በለንደን ፓላዲየም «ሃንስ አንደርሰን»ን ተጫወተ። በ1983 እዚያው ፓላዲየም ውስጥ «ሲንጊን ኢን ዘ ሬይን»ን መርቶ፣ ዋናውን ገጸ ባሕርይም ራሱ ተጫወተ። በ2005 «ስክሩጅ»ን ይዞ ወደዚያው ቤት ተመለሰ። በ2016 ደግሞ በ79 ዓመቱ ስለ ሙዚቀኛው ግሌን ሚለር የሚተርከውን ቴአትር ይዞ በለንደን ኮሎሲየም ቆመ፤ ሃምሳ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ በተንዝን ሆኖ በተጫወተበት መድረክ ላይ ማለት ነው። በ2020 የ«ሰር» ማዕረግ ተሰጠው።

ቁጥሩን እናስቀምጥ፤ በደረጃ ሰንጠረዡ ላይ ከ1956 እስከ 1961፤ በመድረክ ላይ ከ1956 እስከ 2016።

በዚህ አተረጓጎሜ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አልሸሽም። ጆርጅ ሜሊ በ1970 ባሳተመው ስለ ፖፕ ጥበባት በሚናገር መጽሐፉ፣ በዚህ ዓለም ውስጥ እንደ ዓመፅ የጀመረው ሁሉ መጨረሻው ፋሽን መሆኑን ተከራክሯል። ከዚህ አንጻር ስቲል የመጀመሪያው ምሳሌ ተደርጎ ሊታይ ይችላል። በ1956 «ሮክ አራውንድ ዘ ክሎክ» የተሰኘው ፊልም ሲታይ ወጣቶች የሲኒማ ቤት ወንበር ቀድደዋል፤ አንዳንድ ከተሞችም ፊልሙን ከልክለዋል። በዚያ ፍርሃት መካከል ሳቂታና ጨዋ የሆነ ሮከር ማቅረብ ለሥራ አስኪያጆቹ ትርፍ ነበረው። ለወላጆችም፣ ለንጉሣውያኑም የሚሆን ኮከብ ተሠራ፤ በ1957 ንግሥቲቱ በተገኙበት የቫራይቲ ትርኢት ላይ መቅረቡም ይህንኑ ያሳያል። ሮክ ኤንድ ሮል ከጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ የተወለደ መሆኑን ስናስብ ደግሞ፣ ለስልሶ በእንግሊዝ ቤተ ሰብ ሳሎን መቀመጡ ያስከፈለው ዋጋ እንዳለ መካድ አይቻልም።

ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። የማልቀበለው ከዚህ ተነሥቶ «ስለዚህ ቀሪው ሕይወቱ ከንቱ ነው» የሚለውን መደምደሚያ ነው። ዓመፀኛነትን ብቸኛ መመዘኛ አድርገን ስንነሣ፣ ያልዓመፀው ሁሉ የከዳ ይመስለናል። ስቲል ግን የገባው ቃል ኪዳን አልነበረም። በርመንዚ ያስተማረችው መድረክን ነው፤ በመድረክም ኖረ። ከእርሱ በኋላ ዴቪድ ኤሴክስ በ1971 በ«ጎድስፔል»፣ በ1978 በ«ኤቪታ» ሲጫወት፣ ዘፋኝ ተዋናይ መሆኑ የሚያስደንቅ አልነበረም። በዚያ መንገድ ላይ ቀድሞ የሄደ ሰው ነበርና።

ወደ ማስረጃው ጥያቄ እንምጣ። እኔና እንደኔ ያሉ መምህራን ለምን ተሳሳትን? ሸክላው ስላለ ነው። ሸክላ በ1957 የተናገረውን ዛሬም ይናገራል፤ ደረጃው በቁጥር ተጽፏል፤ ተማሪ ፊት ማጫወት ይቻላል። የመድረክ ሥራ ግን መጋረጃው ሲወርድ ያልቃል። ከ«ሃፍ ኤ ሲክስፔንስ» የተረፈልን ምንድን ነው? እስከ 1968 በብሪታንያ ማንኛውም አዲስ ቴአትር ከመታየቱ በፊት በሎርድ ቻምበርሌይን ጽሕፈት ቤት መመርመር ነበረበትና፣ ለምርመራ የገቡት ጽሑፎች ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ተዋናዮቹ የዘፈኑት ሸክላ አለ። ፎቶግራፍ፣ የመግቢያ መርሐ ግብር፣ የጋዜጣ ሂስ አለ። ፊልሙም አለ፤ ግን ፊልሙ ከአራት ዓመት በኋላ ለካሜራ ተብሎ እንደ አዲስ የተሠራ ነው። እነዚህ ሁሉ በአንድነት እንኳ ተሰብስበው፣ በአንድ ረቡዕ ምሽት በካምብሪጅ ቴአትር አዳራሽ ውስጥ የሆነውን መልሰው አይሰጡንም። ሳንሱር በሽቶ ያስቀመጠው ጽሑፍ ሳይቀር ለታሪክ ምሁር እንጀራ መሆኑን እያሰብን፣ የጎደለውንም ማሰብ ይኖርብናል። ማስረጃ የሌለው ነገር ያልተደረገ ነገር አይደለም።

ይህ ትምህርት ለኛም ቅርብ ነው። የኛ ዘመናዊ ድምፃውያንም ያደጉት በቴአትር ቤትና በክብር ዘበኛ፣ በፖሊስና በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍሎች መድረክ ላይ ነው፤ ጥላሁን ገሠሠ የጀመረው በአገር ፍቅር ቴአትር መሆኑን ታውቃላችሁ። ዓለም ዛሬ ያን ዘመን የሚያውቀው ግን በአብዛኛው ከ1969 ጀምሮ አምሃ ሬከርድስ ባሳተማቸውና ከዚያም በኋላ በወጡ ሸክላዎች አማካይነት ነው። አንድ አጎት ነበሩኝ። ከሃያ ዓመት በላይ በአዲስ አበባ ቴአትር ቤት ተውነዋል፣ ዘፍነዋል፣ ተወዛውዘዋል። ሸክላ ያስቀረጹት አንድ ጊዜ ነው፤ በአንድ ገጽ አንድ ዘፈን። ሲያርፉ በቀብራቸው ላይ የሕይወት ታሪካቸውን የጻፍሁት እኔ ነበርሁ፤ የጻፍሁትም «አንድ ዘፈን የነበራቸው ድምፃዊ» ብዬ ነው። ከለቅሶው በኋላ አብረዋቸው የሠሩ አንዲት አዛውንት ተዋናይት ጎተት አድርገውኝ፣ «ልጄ፣ አጎትህን እኮ አሳነስኸው» አሉኝ። ያን ጊዜ ነገሩን በሐዘን ሰበብ አለፍሁት። ተማሪዬ ስለ ስቲል ስትጠይቀኝ ግን የሴትየዋ ድምፅ ነው የመጣብኝ። የታሪክ ዶክተር ሆኜ በገዛ ዘመዴ ላይ የሠራሁትን ስሕተት በማላውቀው እንግሊዛዊ ላይ እየደገምሁት ነበር። አዛውንቷን በኋላ ፈልጌ ስሄድ እርሳቸውም አርፈው ነበር። የአጎቴ የሃያ ዓመት ሥራ የነበረው በእርሳቸውና በጓደኞቻቸው ትዝታ ውስጥ ነበር፤ እኔ ግን ሳልጠይቅ ቀረሁ።

ስለዚህ ተማሪዎቼን አደራ የምለው ይህን ነው። የአንድን ሰው የሥራ ሕይወት ስትጽፉ፣ በቅድሚያ ዓመታቱን ቁጠሩ። ከእነዚያ ዓመታት ውስጥ ማስረጃ ያላችሁ ለስንቶቹ እንደ ሆነ በሌላ መስመር ጻፉ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት የሰውየው ድካም ሳይሆን የእናንተ የቤት ሥራ ነው። ያየ ሰው በሕይወት ካለ ደግሞ ነገ ሳትሉ ሂዱና ጠይቁ።

በአንድ ትንሽ ነገር ልደምድም። ሊቨርፑል ከተማ፣ ስታንሊ ጎዳና ላይ፣ በአግዳሚ ወንበር የተቀመጠች የአንዲት ብቸኛ ሴት የነሐስ ሐውልት አለ። በቢትልስ ዘፈን ውስጥ ያለችው ኤሊኖር ሪግቢ ናት። በ1982 ሐውልቷን የሠራው ቶሚ ስቲል ነው፤ ቅርጻ ቅርጽም ያውቃልና። ለከተማዋ የጠየቀው ዋጋ ሦስት ፔንስ ነበር፤ ግማሽ ሲክስፔንስ ማለት ነው። በማግሥቱ መጥተው በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ቦታውን ለወሰዱት ልጆች መታሰቢያ ሠራ፤ ደሞዙንም በራሱ ቴአትር ስም ተቀበለ። በዚያ ጎዳና የሚያልፈው ሰው ቢትልስን ያስታውሳል። እናንተ ግን ከዛሬ በኋላ የሠራውንም እጅ እንድታስታውሱ እለምናለሁ።